ኤክስኤምኤል ለሚማር ልምድ ያለው ፕሮግራመር፦ ከአራቱ መንገዶች የትኛው ይሻላል?

"ታግ ነው እኮ! ደግሞ ለእሱ ትምህርት ያስፈልጋል?" ይህን ያለኝ አሥር ዓመት ጃቫ የጻፈ ጓደኛዬ ነው። ስለ ኤክስኤምኤል ማለቱ ነው፤ ዳታና ጽሑፍ በታግ፣ ማለትም በስም ምልክት፣ እየተከበበ የሚቀመጥበት የፋይል ቅርጽ። ስታዲየም ጋ ቆመን ማኪያቶ እየጠጣን ነበር። ሳምንት ሳይሞላ መሥሪያ ቤቱ አንድ የክፍያ መልእክት ፋይል ሰጠው። በሦስተኛው ቀን ማታ ደወለልኝ። "ፋይሉን ከፍቼ በዓይኔ አየዋለሁ፤ የከፋዩ ስም እዚያው ቁጭ ብሏል። ኮዴ ግን ባዶ ነው ይለኛል።"

ነገሩ ኔምስፔስ ነበር። ኤክስኤምኤል ውስጥ የአንድ ኤለመንት (ከመክፈቻ ታግ እስከ መዝጊያ ታግ ያለው ክፍል) ሙሉ ስም ታጉ ላይ የሚታየው ብቻ አይደለም። ፋይሉ አናት ላይ የተጻፈች አንዲት አድራሻ ከሥሯ ላሉት ስሞች ሁሉ የአባት ስም ትሆናለች። ፋይሉ ውስጥ የምትፈልጉትን በምትጠቁሙበት ቋንቋ፣ በኤክስፓዝ 1.0፣ ያለ ቅድመ ቅጥያ የጻፋችሁት ስም ደግሞ "ኔምስፔስ የሌለው" ማለት ነው። ስለዚህ ምንም አያገኝም። ስህተት አለ ብሎም አይጮህም፤ ዝም ነው። ልምድ ያለው ሰው የሚሰቃየው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ጀማሪ ቢሆን ኖሮ መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ ያነብ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ሉፕ እንዴት እንደሚዞር አላስረዳም፤ ለዚያ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና በነጻ አለ። የማወዳድረው ኮድ መጻፍ የሚችል ሰው ወደ ኤክስኤምኤል የሚገባባቸውን አራት መንገዶች ነው።

"ጄሰን እያለ ምን አደከመኝ?" ለምትሉ፣ ምርጫው ብዙ ጊዜ የእናንተ አይደለም። የዎርድና የኤክሴል ፋይል በዚፕ የታሸገ ኤክስኤምኤል ነው። የአንድሮይድ ማኒፌስት ኤክስኤምኤል ነው። ባንኮች ከውጭ አቻዎቻቸው ጋር የሚጻጻፉበት አይኤስኦ 20022ም እንዲሁ። የባንኮች የመልእክት መረብ የሆነው ስዊፍት ድንበር ተሻጋሪ የክፍያ መልእክቶችን ወደዚህ ማዞር የጀመረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ሲሆን፣ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ጊዜ ያበቃው በኅዳር 2025 ነው።

## ከመምረጣችሁ በፊት የምትጠይቁት

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ይህ ነው፦ እጃችሁ ላይ ያለው ፋይል ዳታ ነው ወይስ ጽሑፍ? ዳታ ማለት የክፍያ መልእክት፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የደመወዝ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ቅደም ተከተሉም የታወቀ ነው። ጽሑፍ ማለት ደግሞ ሕግ፣ መዝገበ ቃላት፣ የብራና ካታሎግ ነው። እዚያ ውስጥ ታጉ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ይገባል፦

<አንቀጽ>ማንኛውም <ትርጓሜ>አሠሪ</ትርጓሜ> በ<ጊዜ>30</ጊዜ> ቀናት ውስጥ ማሳወቅ አለበት።</አንቀጽ>

ይህን ወደ ጃቫ ክላስ ለመቀየር ሞክሩ። "ማንኛውም" የሚለው ቃል የየትኛው ፊልድ ነው? የማንም አይደለም። ለዳታ የሚመቸው መሣሪያ እዚህ ላይ ይሰበራል፤ የጽሑፉ መሣሪያ ደግሞ ለክፍያ መልእክት ይበዛል። የመንገዱ ምርጫ ግማሹ በዚህ ጥያቄ ያልቃል።

ሌሎቹ መለኪያዎች አጠር ያሉ ናቸው። ፋይሉ ምን ያህል ይከብዳል? መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ መማሩ ይቀጥላል ወይ? ዶላር የሚጠይቅ መሣሪያ አለው ወይ? እዚሁ ከተማ ውስጥ ሥራ ያስገኛል ወይ? በመጨረሻም አማርኛ ሲገባበት ምን ይሆናል? ይህን የመጨረሻውን የውጭ መመሪያ አይነግራችሁም፤ ለብቻው እመለስበታለሁ።

## አንደኛው መንገድ፦ በምታውቁት ቋንቋ ላይብረሪ

ጃቫ፣ ሲ ሻርፕ ወይም ፓይተን የሚያውቅ ሁሉ መጀመሪያ የሚገባው በዚህ ነው። ፈጣን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጀምራችሁ ማታ የሚሠራ ነገር ይኖራችኋል። ፓይተን ከ2.5 ጀምሮ ኤለመንትትሪን አብሮ ይዞ ይመጣል። ሲ ሻርፕም የራሱ ሊንክ ቱ ኤክስኤምኤል አለው፤ ከሦስቱ ለዓይን የሚመቸው እሱ ይመስለኛል። ምንም የሚወርድ ነገር ስለሌለ ኢንተርኔት ባይኖርም ችግር የለም።

ጉዳቱ ከባድ ፋይል ሲመጣ ነው። ዶም የሚባለው ዘዴ ፋይሉን በሙሉ ዛፍ አድርጎ ሚሞሪ ላይ ይተክለዋል። ዛፉ ደግሞ ከፋይሉ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እኔ አንዴ የአንድ ድርጅት የዓመት መዝገብ በዚህ መንገድ ከፍቼ ሰርቨሩን አንበረከክሁት። መፍትሔው እየፈሰሰ የሚነበበው ዘዴ ነው፤ ጃቫ ላይ ሳክስና ስታክስ፣ ፓይተን ላይ ኢተርፓርስ። አጻጻፉ ግን ሌላ ነው። "የት ቦታ ላይ ነኝ?" የሚለውን ራሳችሁ ትይዛላችሁ።

ሌላው ጉዳት ስውር ነው። ይህ መንገድ ኤክስኤምኤልን ሳታውቁ ሥራውን እንድትጨርሱ ይፈቅድላችኋል። ጓደኛዬን ሦስት ቀን ያስቀመጠው ይኸው ነው። ከዚህም የባሰ አለ፦ ፓርሰር ሳይጠቀሙ በሬጌክስ ታግ መቁረጥ። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ላኪው መሥሪያ ቤት አንድ ቀን ሁለት አትሪቢዩት ቦታ አቀያይሮ እስኪልክ ድረስ ሠርቷል።

## ሁለተኛው መንገድ፦ ከስኪማ ተነስቶ ክላስ ማመንጨት

እዚህ የምትጀምሩት ከፋይሉ ሳይሆን ከስኪማው ነው። ስኪማ ውል ነው፤ ምን መኖር አለበት፣ በምን ዓይነት፣ ስንት ጊዜ የሚለውን ይደነግጋል። መሣሪያው ስኪማውን አንብቦ ክላሶቹን ያመነጭላችኋል። ከዚያ በኋላ ታግ አታዩም፤ የለመዳችሁትን ኦብጀክት ብቻ ነው የምትነኩት።

ለባንክ ሥራ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። የአይኤስኦ 20022 ስኪማዎች በነጻ ይወርዳሉ። ፓክስ 008 በባንኮች መካከል የሚሄደው የደንበኛ ገንዘብ ማስተላለፊያ ነው፤ ካምት 053 የሒሳብ መግለጫ። ደንበኛው ለባንኩ የሚልከው የክፍያ ትዕዛዝ ስሙ ፔይን 001 ነው። አልቀለድኩም፣ ፔይን (በእንግሊዝኛ ሕመም) ነው የሚባለው፤ ለሠራበት ሰው ስሙ በትክክል የወጣ ይመስለዋል። የታጎቹ ስሞች በአጭሩ የተቆረጡ፣ ጎጆ በጎጆ የገቡ ናቸው። በእጅ ለመጻፍ መሞከር ጉልበት ማባከን ነው።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። ጃቫ ላይ ይህን የሚሠራው ጃክስቢ ነው። ድሮ ከጃቫው ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ጃቫ 11 ጀምሮ ግን ተወግዷል። አሁን ለብቻው የሚጨመር ላይብረሪ ነው፤ የፓኬጅ ስሙም ወደ ጃካርታ ተቀይሯል። የድሮ ትምህርት ይዛችሁ ከጀመራችሁ "ፓኬጁ የለም" የሚል ስህተት ይገጥማችኋል፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

ድክመቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ፦ ጽሑፍ ሲመጣ ይሰበራል። ስኪማው ከተቀየረም ክላሶቹ እንደገና ይመነጫሉ፤ በላያቸው ላይ በእጅ የጻፋችሁት ካለ አብሮ ይጠፋል።

## ሦስተኛው መንገድ፦ ኤክስኤስኤልቲ

ብዙ ፕሮግራመር የሚሸሸው ይህን ነው። እኔ ደግሞ በጣም የምወደው ይህን ነው፤ ስለዚህ አድልዎ ካያችሁብኝ ከአሁኑ ይቅርታ።

ኤክስኤስኤልቲ አንድን ኤክስኤምኤል ወደ ሌላ ቅርጽ የሚቀይር ቋንቋ ነው፤ ወደ ድረ ገጽ፣ ወደ ጽሑፍ፣ ወደ ሌላ ኤክስኤምኤል። የሚያስቸግረው ሰዋስዉ ሳይሆን አስተሳሰቡ ነው። ተለዋዋጭ የምትሉት እዚህ አይለዋወጥም። አንዴ ዋጋ ከሰጣችሁት ያው ነው። "ከላይ ጀምረህ ይህን አድርግ፣ ቀጥለህ ያንን" አይባልም። የምትጽፉት ደንብ ነው፦ "አንቀጽ ካገኘህ እንዲህ አድርገው፤ ትርጓሜ ካገኘህ እንዲህ።" ፋይሉ ራሱ እየተራመደ ደንቦቹን ይጠራል። አሥር ዓመት ሉፕ የጻፈ እጅ መጀመሪያ እምቢ ይላል። ሰዎች ሁሉንም ነገር በአንድ ትልቅ ፎር ኢች ውስጥ አጭቀው "ይህ ቋንቋ የማይረባ ነው" ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ የነካካ ሰው ግን በሳምንት ይለምደዋል።

ለልምምድ ጥሩ ነገር ከፈለጋችሁ አራት ኪሎ ሂዱ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የሚያትመውን ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አንድ አጭር አዋጅ ያዙ። በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ ነው። አንቀጹንና ንዑስ አንቀጹን በታግ አስቀምጡት፤ ከዚያ ከአንዱ ፋይል ሦስት ነገር አውጡ፦ ጎን ለጎን የሚነበብ ገጽ፣ አማርኛው ብቻ ለስልክ፣ የትርጓሜዎች ዝርዝር በፊደል ተራ። በዚህ አንድ ሥራ የቋንቋውን አብዛኛውን ትነኩታላችሁ። ታጉን ራሳችሁ መፍጠር ከሰለቻችሁ አኮማ ንቶሶ የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ ለአፍሪካ ፓርላማዎች ሰነድ ተብሎ የተጀመረ ነው፤ ስሙ በጋናው አካን ቋንቋ "የተሳሰሩ ልቦች" ማለት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ቁጥሩ እወቁ። ኤክስኤስኤልቲ 1.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ 2.0 በ2007፣ 3.0 በ2017። ከሲ ሻርፕ ጋር አብሮ የሚመጣው እና የፓይተኑ ኤልኤክስኤምኤል የሚሠሩት በ1.0 ብቻ ነው። 1.0 ላይ ነገሮችን በቡድን መመደብ ራስ ምታት ነው፤ 2.0 ላይ አንድ መስመር ነው። አዲሱን ለመጠቀም ሳክሰን የሚባለውን ማስኬጃ አውርዱ፤ ኤችኢ የተባለው እትሙ ነጻ ነው። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

## አራተኛው መንገድ፦ ኤክስኩዌሪና የኤክስኤምኤል ዳታቤዝ

ኤስኪውኤል የሚያውቅ ሰው ይህን ቶሎ ይወደዋል። አንድ ፋይል ሳይሆን አሥር ሺህ ፋይል ሲኖር፣ "በውስጣቸው ይህ ቃል ያለባቸውን አምጣ" ለማለት የተሠራ ቋንቋ ነው። ቤዝኤክስ እና ኤግዚስት ዲቢ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ቤዝኤክስ ቀለል ያለ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ በደቂቃዎች ይነሳል።

ለእኛ አገር ሰው የሚጣፍጥ ማሠልጠኛም አለው። ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው ቤተ መጻሕፍት የተሰኘ ፕሮጀክት የኢትዮጵያንና የኤርትራን ብራናዎች በቲኢአይ ደረጃ (ለጽሑፍ ሰነዶች የተዘጋጀ የታግ ደንብ) በኤክስኤምኤል ይመዘግባል። ፋይሎቹ ጊትሀብ ላይ ክፍት ናቸው፤ የተገነባውም በኤግዚስት ላይ ነው። አውርዳችሁ በራሳችሁ ቤዝኤክስ ውስጥ ጫኑት፤ ስለ አንድ ቅዱስ ገድል ያለባቸውን ብራናዎች ፈልጉ። ከስድስት ኪሎ ሳትወጡ የዓለም ደረጃ ዳታ ላይ ትለማመዳላችሁ።

ሥራ ያስገኛል ወይ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በኤክስኩዌሪ ስም የወጣ የሥራ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም። ለውጭ ሥራ በርቀት የሚሠራ፣ ወይም ቤተ መዛግብትና ምርምር ላይ ያለ ሰው ካልሆነ መጀመሪያ በዚህ ግቡ አልልም።

## አማርኛ ሲገባበት

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የአራቱም መንገድ ሰው እኩል የሚወድቅበት ነው።

መጀመሪያ ቀን። የስኪማው የቀን ዓይነት የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሠራሁት ነገር ጥቅምት መጨረሻ ላይ ብቻ ይወድቅ ነበር። የጥቅምት 28 ደንበኛ ያልፋል፤ የ29 እና የ30 ይመለሳል። ምክንያቱ ቀላል ነበር፦ በእኛ አቆጣጠር የገባ ቀን በቀጥታ ወደ ስኪማው ሄዷል። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፤ ስኪማው ደግሞ ሁለተኛ ወር ሲል ፌብሩዋሪ ማለቱ ነው። ጳጉሜን ቢመጣ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያስፈራው ግን የወደቀው አይደለም። መስከረም 5 ጃንዋሪ 5 ሆኖ በሰላም አልፏል፤ ማንም ሳያውቅ ወራት ቆይቷል። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ብላችሁ 2 ከጻፋችሁ ሌሊት ነው። ውስጥ የሚቀመጠው የፈረንጁ ይሁን፤ ለሰው ሲታይ ይቀየር።

ሁለተኛ የታግ ስም። ከላይ ታጎቹን በአማርኛ የጻፍኩት እንዲነበብ ነው፤ በሥራ ላይ ግን አታድርጉት። ኤክስኤምኤል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ ለስም የፈቀደው በዩኒኮድ 2.0 የነበሩትን ፊደላት ነው። ግዕዝ የገባው በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ነው። ስለዚህ ይዘቱ አማርኛ መሆን ሲችል የታጉ ስም አይችልም ነበር። በ2008 አምስተኛው እትም ፈቀደ። ጃቫ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ፓርሰር ግን የቆየውን ደንብ ይከተላል፤ የእናንተ ማሽን የተቀበለውን የሌላው ይመልሰዋል። በዚህ ላይ የእኛ ሁለት ነጥብ (፡) ለኔምስፔስ ከሚያገለግለው ኮለን (:) ጋር መንታ ነው። ኪቦርዱን መቀየር ረስታችሁ አንዷን ብትሳሳቱ ማታውን በሙሉ ትፈልጋላችሁ።

ሁለት ነጥቧ ክፍተትም አይደለችም። በድሮው አጻጻፍ ቃል ከቃል በእሷ የተለየበትን ጽሑፍ ኮምፒውተሩ እንደ አንድ ረጅም ቃል ነው የሚያየው። የግዕዝ ቁጥር ፲፪ም ለስኪማው ቁጥር አይደለም።

ሦስተኛ ሞክሼ ፊደላት። "ፀሐይ" እና "ጸሀይ" ለኤክስፓዝ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ደግነቱ ትራንስሌት የምትባል ፈንክሽን አለች፤ ፊደልን በፊደል ትተካለች። ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። ከእነ ሰባት ቤታቸው መዘርዘር አለባችሁ፤ አንዴ ጽፋችሁ አስቀምጡት።

## በአንድ እይታ

| መለኪያ | በቋንቋችሁ ላይብረሪ | ከስኪማ ክላስ | ኤክስኤስኤልቲ | ኤክስኩዌሪ |
|---|---|---|---|---|
| የሚመቸው ይዘት | ቀላል ዳታ | ጥብቅ ዳታ | ጽሑፍና ቅይጥ | ብዙ ሰነድ |
| የመጀመሪያ ውጤት (በእኔ ግምት) | ግማሽ ቀን | 2 ወይም 3 ቀን | 1 ሳምንት | 3 ወይም 4 ቀን |
| በደንብ ለመቻል (በእኔ ግምት) | 3 ሳምንት | 1 ወር | 2 ወር | 2 ወር |
| ከባድ ፋይል | በሚፈስ ዘዴ ብቻ | ይቸግራል | ይቸግራል | ጥሩ |
| ያለ ኢንተርኔት | ሙሉ በሙሉ | ስኪማው ከወረደ | ሳክሰን ከወረደ | ዳታቤዙ ከወረደ |
| ወጪ | የለም | የለም | የለም | የለም |
| አዲስ አበባ ላይ ሥራ | በየቦታው | ባንክና ፋይናንስ | ሕትመትና ሰነድ | ጥቂት |

ወጪው ላይ "የለም" ያልኩት ስለ መሣሪያው ነው። ኦክስጅን የሚባለው ኤዲተር ምቹ ነው፤ ክፍያው ግን በዶላር ነው። ቪኤስ ኮድ ላይ የኤክስኤምኤል ማስፋፊያ ብትጨምሩ ለመማር ይበቃል። ለኤክስኤምኤል ብቻ ተብሎ የሚሰጥ አጭር ኮርስ ከተማው ውስጥ አልገጠመኝም፤ ብዙ ጊዜ በጃቫ ኮርስ ውስጥ ሁለት ቀን ይነካካል። ለእናንተ ያ አይበቃም፤ ብሩን ለኢንተርኔት ጥቅል አውሉት። ቤት የማይመች ከሆነ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ።

## እና ለማን የትኛው?

የትኛውንም ብትመርጡ የመጀመሪያውን ሳምንት ለኤክስፓዝ ስጡ። በአራቱም መንገድ ያገለግላል። የ1.0 ሰነዱ አጭር ነው፤ አውርዳችሁ መብራት ሲጠፋ በስልክ ታነቡታላችሁ። ኔምስፔስንም በዚያው ጨርሱት።

ባንክ ወይም ኢንሹራንስ ውስጥ ካላችሁ ሁለተኛውን ያዙ፤ ትልልቅ ፋይል ስለሚመጣ ከአንደኛው የሚፈሰውን ዘዴ ጨምሩበት።

ሕትመት፣ ሚዲያ፣ ሕግ ወይም የትርጉም ሥራ ላይ ላላችሁ ሦስተኛው ነው። ሁለት ወሩ ረጅም ይመስላል፤ ግን በጃቫ ሺህ መስመር የሚሆነውን እዚያ በመቶ ትጨርሱታላችሁ።

በግል እየዞራችሁ የምትሠሩና ነገ የሚረከብ ሥራ ያለባችሁ በአንደኛው ግቡ። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ተመልሳችሁ ስኪማ ተማሩ።

ማስተርስ ላይ ያላችሁ፣ ወይም ብራናና ታሪክ የምትወዱ፣ አራተኛው ይጠራችኋል።

ለሁሉም አንድ ማሳሰቢያ። ከውጭ የመጣ ፋይል ስትቀበሉ ፓርሰሩ ዲቲዲን (የቆየ የደንብ መግለጫ) እና ውጫዊ ኢንቲቲን (ከፋይሉ ውጭ ያለ ይዘት የሚጠራ ምልክት) እንዳይከተል ዝጉት። ክፍት ከሆነ ፋይሉ የሰርቨራችሁን ሌላ ፋይል አንብቦ ለላኪው ሊያቀብል ይችላል። የሶፍትዌር ደህንነት ድርጅቱ ኦዋስፕ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የአሥሩ አደጋዎች ዝርዝር አራተኛ ያደረገው ይህን ነው። አንዳንድ ፓርሰሮች ሲመጡ ክፍት ናቸው፤ ጃቫ የምትጽፉ በተለይ በእጃችሁ ዝጉት።